በሸክላ ላይ የቀረ ነጭ

በሐረር ገበያ በጊደር መጋላ ዙሪያ ጤና አዳምና በሶብላ በማሰሮ ተክለው ደጃቸው ላይ ያስቀመጡ ሰዎችን፣ በማሰሮው ጎን የሚወጣው ነጭ ቅርፊት ምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ ሻጋታ ነው ይላል። ሌላው ጨው ነው ይላል። ሦስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ሆኖ፣ ኖራ ነው ይላል። ሦስቱ መልሶች ስም ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍርዱንና መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል። ሻጋታ ያለው ማሰሮው ታሟል ማለቱ ነውና በረኪና ይፈልጋል። ጨው ያለው ጥፋቱን ከማሰሮው አንሥቶ ውሃው ላይ ይጥላል። ኖራ ያለው ግን አይደነግጥም፤ ኖራ ለእሱ ሥራውና እንጀራው ነው፤ ሊቀባ እንጂ ሊፋቅ የተገባው ነገር አይመስለውም። እኔን ይዞ የሚያቆየኝ ጥያቄ ሦስቱ ተነጋግረው ከተስማሙ በኋላ እንኳ የሚቀረው ነው፤ ይህን ነጭ ነገር ፍቀን ስናነሣ ያነሣነው ምንድን ነው? ቆሻሻ ነው ካልንስ፣ ቆሻሻ ያደረገው ምኑ ነው?

ሻጋታውን ቶሎ እንሸኘው። ሻጋታ ለስላሳ ነው፣ በጨርቅ ሲዳሰስ ይነሣል፤ ቅርፊቱ ግን ደረቅና ሸካራ ነው፣ የአቸቶ ጠብታ ሲያርፍበትም ይፍለቀለቃል። ጨው ያሉት ከነጭራሹ አልተሳሳቱም። ከአፈሩና ከማዳበሪያው የሚመጣ፣ በውሃ የሚሟሟ ጨው አብሮ ይገኝበታል፤ እሱ አቸቶም አያሻው፣ ማሰሮው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ይለቃል። አልለቅም ብሎ የሚቀረው ግትሩ ክፍል የቀቢው ኖራ ነው፤ የኬሚስትሪ መምህራን ካልሲየም ካርቦኔት የሚሉት። አመጣጡ ረጅም ነው። ዝናብ ከአየሩ፣ ይልቁንም አፈር ውስጥ ከሚተነፍሱት ሥሮችና ረቂቅ ነፍሳት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀበላል፤ በዚያች ትንሽ ኮምጣጣነት ኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ወደ ውስጡ ያስገባዋል። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የፈለፈለው ድንጋዩ እንዲህ ስለሚሸነፍ ነው። ውሃው በብርጭቆ ሲቀዳ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ድንጋይ እየጠጣሁ ነው የሚል ሰው የለም። የሸክላው ጎን ላይ ደርሶ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኙት ግን ውሃው ይተናል፣ የተቀበለውም እስትንፋስ ይለቃል፣ ድንጋዩ ብቻውን ይቀራል። እንግዲህ ቅርፊቱ ነፋስ ያመጣው አቧራ ወይም ከእጅ የተላለፈ እድፍ አይደለም። ያጠጣነው ውሃ ነው፤ ከውሃው መካከል መሄድ ያልቻለው ወገን።

እድፍ ሲባል መጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው ባዕድነት ነው። የነገሩ ያልሆነ፣ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ፣ ቢነሣ ነገሩ ወደ ራሱ የሚመለስ። ይህ ትርጓሜ ለልብስ ይመቻል፤ ለሐረር ማሰሮ ግን ይቸግራል። ሐረር ለረጅም ዘመን ውሃዋን ከሐረማያ ሐይቅ ስትቀዳ ኖራለች። ሐይቁ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ፤ ጀልባ ይቀዝፍበት በነበረው ወለል ላይ ከብት ተሰማራ፤ ኋላም ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ፣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ እየወጣ የሚመጣ ሆነ። የድሬዳዋ ምድር ደግሞ ኖራ ድንጋይ የሞላበት ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለው በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። ስለዚህ በግንብ በተከበበው የከተማዋ ክፍል በጀጎል ውስጥ በአንዲት ጠባብ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ማሰሮ ጎኑ ሲነጣ፣ የነጣው በቆላ ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል፤ መሣሪያ ገፍቶ ዳገት ያወጣው ድንጋይ። ከዚህ በላይ ባዕድ ምን አለ? ግን እንዲህ ከሆነ ሸክላውም ከሌላ ጉድጓድ የወጣ ጭቃ ነው፤ አፈሩም በማዳበሪያ ከረጢት የመጣ ነው፤ ጤና አዳሙም ከገበያ የተገዛ ነው። ተክሉ ራሱ ካልሲየም ካላገኘ ቅጠሉ አይጠናም፤ ያንኑ የቆላ ድንጋይ በሥሩ እየሳበ አካሉ ያደርገዋል። ከማሰሮው ባዕዱን ሁሉ አንሡ ቢባል ማሰሮ አይተርፍም። ከተማ ቢሆንስ? እሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ባዕድነት ካልሆነ ቦታ ይሆን? የባህል አጥኚዋ ሜሪ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ፣ ቆሻሻ ማለት ቦታውን የሳተ ነገር ነው የሚለውን የቆየ አሳብ አንሥታ ብዙ ርቀት ወስዳዋለች። በዚህ መንገድ ብንሄድ ቆሻሻ የነገሩ ጠባይ መሆኑ ይቀራል፤ የሥርዓታችን ጥላ ይሆናል። ሥርዓት በሌለበት ቆሻሻ የለም። ለዚህ አሳብ ከሐረር የተሻለ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም። ጀጎል ውስጥ ለበዓል ወይም ለሠርግ ቤት ሲሰናዳ ግድግዳው ኖራ ይቀባል። ኖራ ድንጋዩ አስቀድሞ በእሳት ይቃጠላል፣ እሳቱም ውስጡ የነበረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣዋል፤ ከዚያ በውሃ ይበጠበጣል፤ ግድግዳው ላይ ከተቀባ በኋላ ያንኑ ከአየር መልሶ እየሳበ ቀስ በቀስ ድንጋይ ይሆናል። መጨረሻው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ማሰሮው ላይ ያለውም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አንዲት ባለቤት በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ግድግዳዋን ኖራ ቀብታ «ቤቴ ጸዳልኝ» ስትል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ነገር ከማሰሮዋ ላይ ፍቃ «ማሰሮዬ ጸዳልኝ» ስትል፣ በሁለቱ ንግግሮች መካከል የእጇ አቅጣጫ እንጂ ቁሱ አልተለወጠም። በማኖርም ጸዳ፣ በማንሣትም ጸዳ። (ዛሬ ዛሬ የኖራውን ቦታ በቆርቆሮ የሚሸጠው ቀለም እየወሰደው ነው። ሰማያዊውና ሐምራዊው ለፎቶግራፍ አንሺ ደስ ይላል፤ ድንጋዩ ግን በዘይትና በፕላስቲክ ቀለም ሥር እንደ ልቡ አይተነፍስም፣ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ይገሸልጠዋል።)

የቦታው ትርጓሜ ያማረ ቢሆንም አንድ ነገር ያልፈዋል። ቅርፊቱ በእርግጥ ቦታውን ስቷል ወይ? ግድግዳው ላይ ያለው ኖራ ሰው ያኖረው ነው፤ ማሰሮው ላይ ያለው ግን ሸክላው ራሱ በትነት እየሳበ ያወጣው ነው፤ በሸክላ ተፈጥሮ ለቅርፊቱ ከውጪው ገጽ የተሻለ ቦታ የለም። ስለዚህ ቦታ ሳይሆን ፈቃድ ነው ልዩነቱ ወደ ማለት እናዘነብላለን። ማንም ሳይጠራው የመጣ ቆሻሻ ነው፤ ጠርተነው የመጣ ጌጥ ነው። ይህን የሚያጠናክር ልማድ በውጭ አገር አለ። አዲስ የአበባ ማሰሮ ገዝተው ያረጀ ይመስል ዘንድ እርጎ የሚለቀልቁት፣ ወይም በቀጭኑ ኖራ የሚያለብሱት ሰዎች አሉ። እኛ ዓመት ሙሉ ስንታገለው የምንኖረውን ነጭ እነሱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ይሠሩታል። ቁሱ ሊመሳሰል ይችላል፣ ቦታውም ያው ነው፤ የተለየው የፈለገው ሰው መኖሩ ነው።

እዚህ ላይ ግን የማያስተኛ ጥርጣሬ ይነሣል። እኔ ነጩን አልፈለግሁትም፤ ውሃውን ግን ፈልጌዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮ ይዤ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ውሃውና ድንጋዩ ደግሞ ሁለት ሆነው አልመጡም፣ አንድ ሆነው ነው የመጡት። ሰው የአንድን ነገር ግማሽ ብቻ ሊፈቅድ ይችላል ወይ? «የፈቀድኩት ውሃውን እንጂ ድንጋዩን አይደለም» ማለት፣ «የፈቀድኩት ብርሃኑን እንጂ ጥላውን አይደለም» ማለት ነው። የጧፍና የዕጣን ጭስ በየዘመኑ እየወጣ የአብያተ ክርስቲያናትን ሥዕል አጥቁሯል። ጭሱን የላከው ጸሎት ነው፤ ቅዱሱን ሥዕል የሸፈነውም ያው ጸሎት ነው። ከሥራ ሁሉ ጋር ሠሪው ያላሰበው ትርፍ ይወጣል፤ ያ ትርፍ እንግዳ መስሎን ስንጠየፈው፣ እየተጠየፍን ያለነው የገዛ ራሳችንን ድርጊት ሌላውን ፊት ነው። ቆሻሻ ያልፈቀድነው ነገር ነው ብንል ስህተት አይሆንም፤ ግን ያልፈቀድነው ነገር የማን ነው ብለን አልጠየቅንም። ማሰሮውን ስፈትግ ከእኔ ውጭ የሆነ ጠላት እያሳደድሁ አይደለም። በትናንትናው ሥራዬ ላይ እየሠራሁ ነው።

ይህን ካልን ዘንድ ወደ ለንደን አንድ ጊዜ ወጣ እንበል፤ ነገሩ ተገልብጦ የሚታየው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1937 እና 1938 በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከአቴና የመጡት የፓርተኖን ቅርጾች በመዳብ መሣሪያና በሸካራ መፋቂያ ተፋቁ። ለቅርጾቹ አዲስ አዳራሽ ያሠራው ባለጸጋ ሎርድ ዱቪን ድንጋዩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ይፈልግ ነበር፤ በዘመናት የደረሰበት የማር መልክ ለዓይኑ እድፍ ነበር። የተፋቀው ግን የድንጋዩ የራሱ ቆዳ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ ሲታወቅ ትልቅ ነቀፋ አስነሣ። እብነ በረድ፣ እንደ ግድግዳው ኖራና እንደ ማሰሮው ቅርፊት ሁሉ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እነሱ የማር መልኩን ፍቀው ወደ ነጩ ለመድረስ ደከሙ፤ እኛ ነጩን ፍቀን ወደ ሸክላው ቀይ ለመድረስ እንደክማለን። ሁለታችንም የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከመፋቂያው ሥር አንድ «መጀመሪያ» ተኝቶ ይጠብቀናል ብለን እናምናለን። ይህ እምነት ነው አደገኛው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የተመዘገበው የቱ ግንብ ነው? በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ድንጋይ ብቻ ነው? ወይስ ከዚያ ወዲህ የተለሰነው፣ የተጠገነው፣ የቤቱም ግድግዳ ማዕዘኑ እስኪደበዝዝ ድረስ ኖራ በኖራ ላይ የተደራረበበት? አንዱን ድርብ «እውነተኛው ይህ ነው» ብሎ ለማውጣት መነሣት ሌሎቹን ሐሰት ማለት ነው። ማሰሮም ትንሽ ይሁን እንጂ ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። ሽቦ ይዤ አጥብቄ ብፈትግ ከኖራው ጋር የሸክላው ቆዳ አብሮ ይነሣል፤ ያኔ ያገኘሁት መጀመሪያውን አይደለም፣ ከዚህ ቀደም ያልነበረ የተቧጨረ ሦስተኛ ነገር ነው።

ታዲያ ለምን እንፈትጋለን? ወደ ሸክላው ሥራ ሳይመለሱ ይህን መመለስ አይቻልም። ያልተለበጠ ሸክላ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ውሃው ከአፈሩ ወደ ሸክላው ይዘልቃል፣ ከሸክላው ወደ አየር ይወጣል፤ ሲወጣ ድንጋዩንና ጨውን ከኋላው ጥሎ ይሄዳል። ይህ ማለት ውጭ የምናየው ነጭ፣ በከፊልም ቢሆን፣ ሥሩ አጠገብ ተጠራቅሞ ሊቀር ይችል የነበረ ነገር ነው። ማሰሮው የነጣው ሥራውን ስለሠራ ነው። ይህን ለማመን ከገበያው አጠገብ ባሉት ቤቶች የሚታየውን ሌላውን የአበባ ማሰሮ ማየት ይበቃል፤ የዘይት ጀሪካን ወገቡ ላይ ተቆርጦ አፈር የተሞላውን። የጀሪካኑ ጎን ዓመት ከዓመት ቢጫ ነው፤ አንድም ነጭ አይወጣበትም። ፕላስቲክ ምንም አያሳልፍምና ያው ድንጋይና ያው ጨው አፈሩ ላይ ይረጋል፣ አፉ ዙሪያ ይጋገራል፤ ሲበዛም የቅጠሉ ጫፍ እንደ ተለበለበ ይደርቃል። ሰውም ቅጠሉን አይቶ «ፀሐይ መታው» ይላል። ንጹሕ የሚመስለው ዕቃ እዳውን ለተክሉ አስተላልፏል፤ ቆሻሻ የሚመስለው ዕቃ እዳውን በራሱ ላይ ጽፏል። ይህ ከታየ በኋላ ነጩን ቅርፊት ቆሻሻ ለማለት አፍ ይከብዳል። ሆኖም መፈተግን እንድንተው አያስገድድም፤ የማሰሮው ቀዳዳ በገዛ ፍሬው ይደፈናልና። ትናንት ስላወጣ ነገ ማውጣት ያቅተዋል። ከዚህ ተነሥቼ አራተኛ ትርጓሜ ልሞክር፤ ቆሻሻ ማለት፣ አንድ ነገር ከሠራው ሥራ የተረፈና የሚቀጥለውን ሥራውን የሚከለክል ነው። ባዕድ መሆን የለበትም፣ ቦታም መሳት የለበትም፣ ያልተፈቀደም መሆን የለበትም። ያለፈው ሥራ የሚመጣውን ሥራ መንገድ ሲዘጋ ያኔ ቆሻሻ ይሆናል።

ትርጓሜው ጥሩ የሚሆነው ትራፊ ሁሉ ቆሻሻ አለመሆኑን ሲያስረዳ ነው። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና ቢፈላበት ቡናው አፈር አፈር ይላል፤ የሸክላውን ውስጥ ያለፈው ቡና ሲለብሰው ነው የሚቀጥለው ቡና የሚጥመው። እዚያ ትናንት ለነገ መንገድ ይከፍታል፤ ስለዚህ ጀበናን ውስጡን በሳሙና የሚያጥብ ሰው ንጹሕ ሰው አይባልም፣ ነገሩ ያልገባው ይባላል። ማሰሮና ጀበና ከአንድ ጭቃ ወጥተው፣ በአንድ እሳት አልፈው፣ አንዱ ትራፊው ሲነሣለት ሌላው ትራፊው ሲተውለት ይሻላል። ልዩነቱ ከየሥራቸው እንጂ ከትራፊው አልመጣም። ግን ራሴን ልጠይቅ። ማሰሮ ላይ ያለው ስስ ነጭ በእርግጥ መንገድ ይዘጋል ወይ? እውነቱን ለመናገር ስሱ ብዙም አይዘጋም። ውሃ ያልፍበታል፣ ተክሉም አያማርርም። የሚዘጋው ወፍራሙና የተጋገረው ነው። እንግዲህ በመስፈርቴ ከሄድን ከምንፈትጋቸው ማሰሮዎች ብዙዎቹ ንጹሖች ነበሩ፤ የፈተግናቸው ለሥሩ ብለን አይደለም፣ ለእንግዳ ዓይን ብለን ነው። ይህም ኃጢአት አይደለም፤ ደጃፍ የቤት ፊት ነው። ሆኖም ለዓይን የሚደረገውን ለተክል እንደ ተደረገ አድርጎ መናገር ተገቢ አይመስለኝም።

የዓይን ነገር ከተነሣ ከሐረር ቤት ውስጥ ያለውን ቀይ ማለፍ አይቻልም። የሐረሪ ቤት እንግዳ መቀበያ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተሠራ ነው፤ ነደባ ይሏቸዋል፤ ፊታቸውም ቀይ አፈር ይቀባል። ይህ ቀይ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ፣ በአሚር አብዱላሂና በምኒልክ ጦር መካከል በሆነው ውጊያ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። አባባሉን እንዳለ ብንቀበል አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። ከውጭ ቤቱን ነጭ የሚቀባው ቤተሰብ ከውስጥ የደም መልክ እያደሰ ይኖራል። ሌላው ሰው እድፍ ብሎ የሚያጥበውን ይህ ቤተሰብ ሲደበዝዝ ያጠናክረዋል። የእኔ አራተኛ ትርጓሜ እዚህ ምን ይላል? ያለፈው የሚመጣውን የሚከለክልበት ሥፍራ ቢኖር፣ የሞቱትን ደም ዕለት ዕለት ማየት ከዚያ የባሰ ምን አለ? ነገር ግን በዚያው ቀይ መደብ ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፣ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ሙሽራ ይቀመጣል። አልከለከለም። የማይከለክለው ደሙ ራሱ ስላልሆነ ይመስለኛል። ደም ቢሆን በማግሥቱ ይታጠብ ነበር፤ ቀዩ ሰው እጁን አፈር ውስጥ ነክሮ የመረጠው ነው። ትራፊ በራሱ አያስታውስም። ማሰሮውም ነጩን ለብሶ ስለ ሐረማያ መድረቅና ስለ ድሬዳዋ ጉድጓድ አንዳች አይናገርም፤ እኔ ካላነበብኩት በቀር። ስለዚህ «ነጩን ብፍቅ ታሪኩ ይጠፋል» ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ፤ ታሪኩ ነጩ ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ማጠቢያው ባልዲ እንሂድ። ማሰሮው ባዶ ሆኖ ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ ይተዋል፤ የደረቀ ቅርፊት በቀላሉ ይሰነጠቃልና የሚለቀው በደረቅ ብሩሽ ይነሣል። የቀረው አቸቶ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሎሚም ይሆናል። ፍልቅልቁ ሲጀምር የሚወጣው አረፋ ድንጋዩ ውስጥ ታስሮ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ድንጋዩ እንደገና ይሟሟል፣ ውሃውም እንደገና ጥርት ይላል። አሁን «ቆሻሻው ጠፋ» እንላለን። የጠፋ ነገር የለም። ከማይታይ ወደሚታይ መጥቶ የነበረው ወደማይታይ ተመለሰ። እጣቢው ሲደፋ በድንጋይ ንጣፉ ቁልቁል ይወርዳል፤ የሐረር ውሃ በኤረር ወንዝ በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው የሚሄደው፣ የድሬዳዋ ምድር ግን ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያደላል። በተፈጥሮ መንገድ ወደ አዋሽ ያዘነበለ ድንጋይ፣ በፓምፕ ተገፍቶ፣ በቧንቧ አልፎ፣ ጤና አዳም አጠጥቶ፣ ሸክላ ላይ ሰንብቶ፣ በአቸቶ ተፈትቶ የሸበሌን መንገድ ያዘ። ማጽዳት የምንለው ከዚህ ጉዞ አንዲቱን ምዕራፍ ነው። ከዓይኔ ያራቅሁት ወደ ማን ዓይን እንደሚደርስ አላየሁም፤ ምናልባት በቆላው መስክ ላይ ለአንድ ማሽላ ምግብ ይሆናል፣ ምናልባት በሌላ ሰው ጀሪካን ግርጌ ይጋገራል። ነጩ ጨርሶ እንዳይመጣ የሚፈልግ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ያጠጣ። የዝናብ ውሃ ገና ድንጋይ አላየም። ግን ሐረር ውስጥ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አይዘንብም፣ ተክሉም እስኪዘንብ አይጠብቅም።

የቀረው እስከ የት እንደሚፈተግ ማወቅ ነው። «ነጭ እስኪጠፋ» ማለት የሎርድ ዱቪን መልስ ነው፤ ሸክላው ያልቃል እንጂ ነጩ አያልቅም፣ ከቀዳዳው ውስጥ ገና ያልወጣ አለና። እኔ የምይዘው መለኪያ ሌላ ነው። የታጠበው ማሰሮ ከደረቀ በኋላ ጎኑ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ጠብታው ተንሸራቶ ከወረደ መንገዱ ገና ዝግ ነው፤ ሸክላው ወዲያው ጠጥቶት ጥቁር ቀይ ምልክት ከተወ ተከፍቷል። እዚያ ላይ ይቆማል፤ የቀረው ነጭ ይቅር። ይህን ለአንዲት የጊደር መጋላ ቅመም ነጋዴ ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ታዲያ ጠጣ አልጠጣ ከመንገድ ላይ ሆኖ ማን ያይልሃል?» አሉኝ። እሳቸው የደጃቸውን ማሰሮዎች አይፈትጉም። ለበዓል ግድግዳው ሲቀባ በዚያው ብሩሽ፣ በዚያው ባልዲ፣ ማሰሮዎቹንም ከነቅርፊታቸው ኖራ ይቀቧቸዋል። መጀመሪያ ሰነፍ መፍትሔ መሰለኝ። ኋላ ሳስበው ግን የኖራ ቅብ እርጥበት አያግድም፤ ውሃው በሥሩ እያለፈ ይተናል፣ ድንጋዩም ከቅቡ ላይ እየወጣ ይደርቃል፣ የተቀባው ከወጣው የሚለይበት መንገድ የለም። አስፈቅጃቸው ጎኑ ላይ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ጠጣው። በእኔ መለኪያ ማሰሮው ንጹሕ ነው፤ ከእሳቸው ጋር የምከራከርበት ነገር አላገኘሁም።